ለቤት አየር የሚወጣ ብር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ከአያት ተነስቶ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች ሲያልፍ፣ ከሐዲዱ ወደ ውስጥ ገባ ባለው የኮንዶሚኒየም ሰፈር የሳምንቱ እንጀራ ይጋገራል። ደረጃውን የሚወጣ ሰው በየቤቱ ምን እየተሠራ እንደሆነ በር ሳያንኳኳ ያውቃል። አንደኛ ፎቅ ላይ ማሰሻው የጋለ ምጣድ ነክቶ ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ሁለተኛው ላይ ሽንኩርት ይቁላላል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ በር ላይ የወጣ የከሰል ምድጃ እየተራገበ ቡና ይጠበቃል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ምድጃው ወደ ሳሎን ይገባና ቄጤማው ላይ ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ዕጣን ይጨመርበታል። ልጆቹ እዚያው ሶፋ ላይ ሆነው ቴሌቪዥን ያያሉ። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል።

ጥቂት ወራት ሲያልፉ ከማብሰያው በላይ ያለው ኮርኒስ ይጠቁራል። ለበዓል ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ እንደገና ይጠቁራል። ኮርኒሱ የያዘውን ጥላሸት ሁሉም ያየዋል። ያው አየር ወደ ሳንባ እንደሚገባ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ሲነሳም ነገሩ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ በሚደወል ስልክ ነው።

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ቤት ገዝቶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሚደርሱት ማስታወቂያዎች አንዱ የአየር ቱቦ ማጽዳት ነው። በፖስታ ሳጥኑ ወረቀት ይገባል፣ ስልኩም ይጮኻል። ዋጋው ለሙሉ ቤት ከመቶ ዶላር በታች ነው ይባላል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ፎቶ አለ፤ በግራ በኩል አቧራ የደፈነው ቱቦ፣ በቀኝ የሚያብለጨልጭ። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ያን ፎቶ አይቶ ወረቀቱን በቀላሉ አይጥለውም። ጉዳዩ በእሁዱ ስልክ ከዘመድ ጋር ይወራል፤ ጉርድ ሾላ አካባቢ አዲስ አፓርታማ የገባው ወገንም የራሱን ጥያቄ ይጨምርበታል። ከምድጃው በላይ ያለውን ሁድ እናስጸዳ? ለኤሲው ባለሙያ እንጥራ? የአየር ማጣሪያ ማሽን እንግዛ? ሁለቱም ወገን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለቤት አየር የሚወጣ ገንዘብ የት ላይ ቢውል ጥቅም አለው?

ከቱቦው እንጀምር። ሰሜን አሜሪካ ያለ ቤት በአብዛኛው ክረምት የሚሞቀውም በጋ የሚቀዘቅዘውም በአንድ መንገድ ነው። ምድር ቤት ወይም ጣራ ሥር የተቀመጠ ማሽን አየሩን ከክፍሎቹ ይስባል፣ ያሞቀዋል ወይም ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያ በቆርቆሮ ቱቦ ለየክፍሉ ይመልሰዋል። ወለል ወይም ግድግዳ ላይ የሚታዩት ፍርግርግ ክዳኖች የቱቦው አፍ ናቸው። ቱቦው አቧራ መያዙ እውነት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶም ሐሰት ላይሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት፣ ቱቦው ግድግዳ ላይ የተጋገረው አቧራ ተነስቶ ሰው ወደሚተነፍሰው አየር ይገባል ወይ የሚለው ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን መመሪያ ለቤት ባለቤቶች ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። መልሱ እስካሁን ብዙም አልተለወጠም። ቱቦ ማስጸዳት የጤና ችግርን እንደሚከላከል የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ቱቦ ስለቆሸሸ ብቻ በቤት ውስጥ ያለው ብናኝ እንደሚጨምርም ጥናቶች በማያሻማ ሁኔታ አላሳዩም። አብዛኛው አቧራ ቱቦው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ይልቅ ምግብ ሲበስል የሚነሳው፣ ከሲጋራ የሚወጣው፣ በጫማ ተይዞ የሚገባው፣ ሰው ወዲያ ወዲህ ሲል የሚቦነው ይበልጣል። የካናዳ የቤቶች ጉዳይ ተቋም ያካሄደው ምርምርም ወደዚሁ ያመራል፤ ቱቦ ማስጸዳት ሰው የሚተነፍሰውን አየር ጥራት ብዙውን ጊዜ አይለውጥም፣ የማሞቂያ ወጪንም የሚታይ ያህል አይቀንስም።

ይህ ማለት ግን ቱቦ ጨርሶ አይጸዳም ማለት አይደለም። ሻጋታ በዓይን በሚታይ መጠን ቱቦው ውስጥ ካደገ፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ከገቡበት፣ ወይም ከመደፈኑ የተነሳ ብናኝ ከክዳኖቹ ወደ ክፍሉ እየወጣ ከሆነ ማስጸዳት ተገቢ ነው። ያኔም ሻጋታውን ያመጣው እርጥበት፣ አይጡ የገባበት ቀዳዳ ካልተዘጋ ችግሩ ይመለሳል። ከእነዚህ ውጭ በየጊዜው እንደ ልማድ ማስጸዳትን ኤጀንሲው አይመክርም። በትክክል የሚሠራ ድርጅት ለአንድ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥርዓት የሚያስከፍለው ከ450 እስከ 1,000 ዶላር ነው። ስለዚህ ከመቶ ዶላር በታች የተባለው ዋጋ ራሱ መጠርጠር አለበት። በርካሽ የጀመረው ሥራ ቤት ከተገባ በኋላ «ሻጋታ ተገኘ» ተብሎ ወደ ብዙ መቶ ዶላር የሚያድግበት አሠራር በሰሜን አሜሪካ ሸማቾች ዘንድ የታወቀ ነው። ኤጀንሲው ለየትኛውም የቱቦ አጽጂ አይመሰክርም፤ «በመንግሥት የተረጋገጥን ነን» የሚል ካለ በሩን መዝጋት ነው።

ለሰሜን አሜሪካው ቤት የሚበጀው ወጪ ያነሰ ነው። ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ማጣሪያ በጥቂት ዶላር ተገዝቶ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይለወጣል። ማሞቂያው በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይታያል፤ ይህም ስለ አቧራ ሳይሆን ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የልብስ ማድረቂያ ማሽን ካለ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወስደው ቱቦ ይጸዳል። ከልብስ የሚነሳው ብናኝ እዚያ ተጠራቅሞ እሳት ያስነሳልና። መጽዳት ያለበት ቱቦ ይህኛው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ጨዋታው ይለወጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የቀኑ ሙቀትም የሌሊቱ ብርድም እንደምንም ይቻላል። መኖሪያ ቤት በማሞቂያ ወይም በማቀዝቀዣ ቱቦ አይሠራም። ያ ዓይነት ቱቦ ያለው ትልልቅ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና የንግድ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። የጉርድ ሾላ ቤት አየር የሚገባውና የሚወጣው በመስኮት፣ በበር፣ በመታጠቢያ ቤቷ ትንሽ ቀዳዳ፣ አዳዲሶቹ ፎቆች ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በተዘረጋው ሻፍት ነው። ኤሲ የገጠመ ቤት ካለም ስፕሊት የሚባለው ነው። እሱ ቱቦ የለውም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር ነው የሚያዞረው። የፊቱ ክዳን ሲከፈት የሚገኘውን የፕላስቲክ ወንፊት ቤተሰቡ ራሱ በውኃ አጥቦ አድርቆ ይመልሰዋል። ለዚህ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ባለሙያ የሚጠራው ኤሲው ውኃ ሲያንጠባጥብ ወይም የሻጋታ ሽታ ሲያመጣ ነው።

እናም ጉርድ ሾላ ላይ የሚጸዳ ቱቦ ከሌለ ገንዘቡ የት ይሂድ? ጭሱ ወደሚነሳበት ነው መሄድ ያለበት። ጭሱ ደግሞ የሚነሳው ምጣዱ ጋ፣ ምድጃው ጋ፣ ማጨሻው ጋ ነው።

እዚህ ላይ መለኪያ ይዞ የገባ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አነስተኛ ጥናት በአዲስ አበባ 10 ቤቶች ቡና ሲፈላ በአየር ውስጥ ያለውን ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ለክቷል። በሁሉም ቤቶች ማለት ይቻላል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት የሚፈቅደው የካርቦን ሞኖክሳይድ ልክ ታልፏል። ቡና የምታፈላዋ ሴት በዚያ ሥርዓት ላይ ብቻ የምትተነፍሰው ብናኝ፣ በ24 ሰዓት ላይ ተካፍሎ እንኳ ከድርጅቱ ልክ በላይ ነበር። ከአሥሩ ቤቶች በአራቱ ከእጥፍ ይበልጥ ነበር። ቡና ለመጠጣት የተቀመጠው እንግዳም ከዚያ ብዙም የራቀ አልተነፈሰም። ተመራማሪዎቹ ለብናኙ መብዛት ዕጣኑ ድርሻ ሳይኖረው እንደማይቀር ጠቁመዋል። ልማዱ ሥር የሰደደ በመሆኑ መፍትሔ ማግኘት ከባድ እንደሚሆንም አልሸሸጉም።

ሁለተኛው መረጃ ይበልጥ ያስደነግጣል። በ2004 ዓ.ም. ጥርና የካቲት በአዲስ አበባ የተጨናነቁ ሰፈሮች 59 ቤቶች ውስጥ፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ ሙሉ 24 ሰዓት ተለካ። አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 818 ማይክሮግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት የሚፈቅደው 15 ነው። በእንጨትና በከሰል የሚያበስሉ ቤቶች አማካይ 1,134 ደረሰ፤ በጋዝ ማለትም በላምባ የሚጠቀሙት 637፣ በኤሌክትሪክና በመሳሰለው ንጹሕ ኃይል የሚያበስሉት 335። በዚሁ ጥናት የተሻሻለ ምድጃ ባላቸውና በተለመደው ምድጃ በሚጠቀሙት መካከል በብናኙ መጠን ግልጽ ልዩነት አልተገኘም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ነገሮች ቆም ተብሎ ሊታሰብባቸው ይገባል። በንጹሕ ኃይል በሚያበስል ቤት ያለው ብናኝ በእንጨትና በከሰል በሚያበስለው ካለው ሲሶ ገደማ ነው፤ ያም ሆኖ ከልኩ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። የቀረው በከፊል የጎረቤት ጭስ መሆኑን ለመገመት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። በአንድ ደረጃ የሚወጡ፣ በአንድ ኮሪደር የሚያበስሉ ቤተሰቦች የሚተነፍሱት አየር የጋራ ነው። ላቀች የሚባለው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ደግሞ ከሰል በመቆጠብ ብዙ ቤተሰብ ረድቷል፤ ለኪስና ለደን የሚያደርገው አስተዋጽኦ ሊካድ አይገባም። ከሰሉ እስካለ ድረስ ግን ከከሰሉ የሚወጣው ነገርም አለ።

በዓለም ደረጃ የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። እናት ጀርባ ላይ ታዝሎ ምጣድ አጠገብ የሚውለው ሕፃን እናቱ የምትተነፍሰውን ይተነፍሳል፣ ሳንባው ግን ገና እያደገ ያለ ነው።

ከሁሉም አጥብቆ መነገር ያለበት የከሰሉ ነገር ነው። ብዙ ሰው ከሰል የሚፈራው ሲጨስ ነው፤ ለዚህም ነው በር ላይ ወይም በረንዳ ላይ ተራግቦ ጭሱ ሲያልቅ ወደ ቤት የሚገባው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙ በእርጋታ ሲነድ፣ አመድ ሸፍኖት አየር ሲያጥረው በብዛት ይወጣል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል። ብርድ ነው ብሎ ይተኛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ የሚተርፍ ኦክስጅን ቀድሞውንም ብዙ አይደለም።

በክረምት ብርድ ለመሞቅ ከሰል አንድዶ መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በዚህች ከተማ ቤተሰብ ጨርሷል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ብርድ በጠነከረ ቁጥር የሚያስጠነቅቀው ስለዚሁ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው በር ተከፍቶ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከዚያ 939 ይደወል። የአየር ማጣሪያ ማሽን እዚህ ላይ አያድንም። ጥሩው ማሽን ብናኝን ይይዛል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን ያሳልፈዋል። ይህን ሳያውቅ ማሽኑን ገዝቶ መስኮቱን የዘጋ ሰው ከባከነው ብሩ ይልቅ ሕይወቱ ያሳስባል።

ስለዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለበዓል የሚመጣ ዘመድ ከሽቶና ከጫማ ጋር ሻንጣው ውስጥ አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ቢጨምር፣ ቱቦ ለማስጸዳት ሊያወጣ ካሰበው እጅግ ያነሰ ገንዘብ ነው የሚያወጣው። እዚያ ዋጋው ከ20 እስከ 40 ዶላር ነው፤ በባትሪ ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋም ይጮኻል። አንድ ጊዜ ቢጮህ ዋጋውን መልሷል።

ጉርድ ሾላ ካለበት ከዚሁ ከምሥራቁ ወገን አንድ ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር የሙከራ ግንባታው የተካሄደው እዚሁ አቅራቢያ፣ ቦሌ ገርጂ ላይ ነበር። ንድፍ አውጪዎቹ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እንጀራ እንደሚጋግርና ለበዓል በግ እንደሚያርድ ያውቁ ነበር። ስለዚህ በየሳይቱ ከብሎኮቹ ለብቻው የቆመ የጋራ ቤት አስቀመጡ፤ ሰዉ ኮሚናል የሚለው ነው። መጋገሪያው፣ ማረጃው፣ ልብስ ማጠቢያው እዚያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እሳቱን ከመኝታ ቤት ያርቃል። በኋላ ግን ብዙዎቹ ኮሚናሎች ለሱቅ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለቢሮ ተከራዩ፣ አንዳንዶቹም መጋዘን ሆኑ። ለኪራዩ ምክንያት አለው፤ ማኅበሩ ለጥበቃና ለጽዳት ገንዘብ ያስፈልገዋል። ምጣዱ ግን ወደ ቤት ገባ፣ ከሰሉም ወደ በረንዳና ወደ ደረጃ። የነዋሪዎች ማኅበር ስለ አየር መነጋገር ከፈለገ የመጀመሪያው አጀንዳ ይህ ሊሆን ይገባል። ኮሚናሉን መመለስ ባይቻል እንኳ፣ ከሰል ደረጃ ላይ እንዳይቀጣጠል መስማማትና በግቢው አንድ ጥግ ክዳን ያለው ማቀጣጠያ ቦታ መሥራት ብዙ ወጪ የለውም።

ሌላው መፍትሔ ምንም ብር አይጠይቅም፣ ግን ከሁሉም ይከብዳል። መስኮት መክፈት ነው። ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጋልኝ፣ ብርድ ይመታኛል» የሚለው ሰው ቤቱም ያው ነው። አራስ ቤት ደግሞ ይብሳል። መስኮቱ ተከድኖ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ የቀናት ዕድሜ ያለው ሕፃን ያንን ሁሉ ይተነፍሳል። እናቶችና አያቶች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፣ እና ፍቅራቸውን የሚነካ ምክር አይሰሙም። ሊሰሙት የሚችሉት ቀላል ነገር ግን አለ። አራሷና ሕፃኑ መኝታ ቤት በር ተዘግቶላቸው ሳለ ቡናው ሳሎን ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ምድጃው እስኪወጣ ድረስ የሳሎኑ መስኮት ይከፈት። በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች ያሉ መስኮቶች ለጥቂት ደቂቃ አብረው ሲከፈቱ ነፋሱ ቤቱን ዘልቆ ያልፋል፤ አንዱ ብቻ ቀኑን ሙሉ ገርበብ ከሚል ይሻላል። ዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት የመኪናው ጭስ በሚበዛበት የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሳይሆን ረፋድ ላይ ቢከፍት ይመረጣል።

ይህች ከተማ ስለ አየር ማጽዳት ያላት ትዝታ ረጅም ነው። በዓለም ላይ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን መትቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ የኅዳር በሽታ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ቆሻሻ መሰብሰቡ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ማቃጠሉ ግን ዛሬ፣ ፕላስቲክና ጎማ በበዛበት ዘመን፣ በዚያ ምሽት መላ ከተማዋን በጭስ ይሸፍናል። የጉርድ ሾላ ቤቶች መስኮታቸውን በትክክል መዝጋት ያለባቸው በዚያች ማታ ነው።

ወደ ብሩ እንመለስ። አንድ ቤተሰብ ለቤት አየር የሚያወጣው የተወሰነ ገንዘብ ካለው፣ ከሁሉ የሚቀድመው የከሰል ሥራን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር ነው። ኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ብዙ ቤት አለ፤ ወጥ፣ ሽሮና ቡናው ግን ከሰል ላይ ቀርቷል። የቡና ማፍያ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ዋጋው ከባድ አይደለም፣ ጀበናም ይቀመጥበታል። የቡናው ሥርዓት፣ ጎረቤት መጥራቱ፣ አቦል ቶና በረካው እንዳለ ይቆያል። ዕጣኑ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ተከፍቶ ትንሽ ይጨስ። የሚጎድል ነገር ካለ የፍሙ ሙቀት ነው።

መሰናክሎቹም እውነተኛ ናቸው። ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ኃይል ይስባል፤ ከሌላ ምድጃ ጋር አብሮ ሲበራ ቆጣሪው ይዘላል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመርና ሽቦ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቅዳሜ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲጋግር መብራት ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ከሰሉን ከቤት ጨርሶ የሚጥል የለም፣ ማስቀመጡም ሊወቀስ አይገባም። መብራት ሲጠፋ ግን ከሰሉ የሚሠራበት ቦታ በረንዳ እንጂ ሳሎን መሆን የለበትም፤ ከመኝታ በፊትም ፍሙ ውጭ ቀርቶ በውኃ ወይም በአፈር ይጥፋ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ወጪ ሁዱ ነው። ከምድጃው በላይ የተገጠመው ይህ የጭስ መሳቢያ ሁለት ዓይነት አለው፣ ብዙ ገዢ ግን ልዩነቱ አይነገረውም። አንደኛው አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ሁለተኛው ቅባቱን በወንፊት ይይዝና አየሩን እዚያው ኩሽና መልሶ ይለቀዋል፤ ሽታውን በመጠኑ ያለዝበዋል እንጂ እርጥበቱንና ጋዙን አያስወጣም። የብረት ወንፊቱ በየወሩ በሙቅ ውኃና በሳሙና ቢታጠብ ይበቃዋል። ቅባት የደፈነው ወንፊት አይስብም፣ እሳት ሲነካውም ይቀጣጠላል። ጉርድ ሾላ ላይ «የአየር መሥመር ጽዳት» የሚባል ነገር በእውነት ዋጋ ያለው እዚህች ወንፊት ላይ ነው፣ እሷም በቤት እጅ የምትታጠብ ናት።

ሁዱ ወደ ሻፍት የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወደ ሕንፃው ይሄዳል። ከጉርድ ሾላ እስከ ሲኤምሲና ሰሚት እየተነሱ ባሉት አፓርታማዎች የኩሽናና የመታጠቢያ ቤት ሻፍት ከታች እስከ ጣራ ይደርሳል። አሠራሩ ትክክል ከሆነ ጣራው ላይ ክፍት ሆኖ፣ ዝናብ የማያስገባ ክዳን ይኖረዋል፣ በየቤቱ መግቢያም አየሩን ወደ ኋላ የማይመልስ መከለያ ይደረግበታል። መከለያው ከሌለ የአራተኛ ፎቅ ሽንኩርት ስድስተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ጣራው ላይ ለውኃ ታንከር መደገፊያ ሲባል በኮንክሪት የተደፈነ ሻፍት ደግሞ ምንም አያወጣም።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቁልፍ ከመረከብ በፊት አንድ ስስ ሶፍት ይዞ ወደ ኩሽናውና ወደ መታጠቢያ ቤቱ መግባት ይበቃል። ሌላውን መስኮት ትንሽ ከፍቶ ሶፍቱን ወደ ፍርግርጉ ሲያስጠጉት ወደ ውስጥ ተስቦ ከተጣበቀ ሻፍቱ ይሠራል። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ወይም ወደ ክፍሉ ከተነፋ አይሠራም። ሁዱም በርቶ ቱቦው የሚያበቃበት ቦታ በዓይን መታየት አለበት፤ ከካቢኔው ጀርባ የትም ሳይገናኝ የተንጠለጠለ ቱቦ ሊገኝ ይችላል። ሻጩ ወይም ተቋራጩ ይህን የሚያስተካክለው ሴራሚኩ ሳይለጠፍ፣ ካቢኔው ሳይገጠምና የመጨረሻው ክፍያ ሳይፈጸም ሲጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳ አስፈርሶ ቱቦ የማስገባቱ ወጪ የሚወድቀው በነዋሪው ላይ ነው።